ጠባብ ጓዳ፣ ብዙ ጆንያ፦ ከክረምቱ በፊት እንዴት ላስተካክለው?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች። ጓዳ የምንለው ከማድ ቤቱ ጥግ ያለ፣ ወርዱ አንድ ሜትር የማይሞላ ገባ ያለ ቦታ ነው። ከቤተሰብ የሚላክልን ጤፍና ባቄላ፣ የስንዴ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ዘይት፣ ሳሙናና በረኪና ሳይቀር እዚያው ተደራርቦ ተቀምጧል። አንዱን ለማውጣት ሌላውን ሁሉ ማንሳት ነው። ሰሞኑን ሳየው የዱቄቱ ጆንያ ወደ ግድግዳው የዞረው ጎኑ ረጥቦ ተጓጉሏል፤ ባቄላው ላይም ነቀዝ አለ። አከራያችን ግድግዳ መብሳት አይፈቅዱም። ክረምት ሳይገባ ብዙ ወጪ በማይጠይቅ መንገድ ማስተካከል እፈልጋለሁ። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን (ኮንዶሚኒየም ነዋሪ)

እህቴ፣ እቃ ለመግዛት አትቸኩዪ። መጀመሪያ ጓዳውን ባዶ አድርጊውና ግድግዳውን በእጅሽ ዳብሺው። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በውጭ በኩል ያለው ግድግዳ ሌሊቱን በብርድ ያድራል፣ ጠዋት ወጥ ስትሠሪ ወይም ውኃ ስታፈዪ እንፋሎቱ እዚያ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሄዶ ውኃ ይሆናል። ጆንያሽን ያረጠበው ይኼ ይመስለኛል። ስለዚህ ምንም ነገር ግድግዳውን አይንካ፤ ቢያንስ አራት ጣት ክፍተት ይኑር። ከወለሉም ከፍ ይበል፣ ሲሚንቶ ወለል እርጥበት ይስባል፤ የእንጨት ርብራብ ከሌለሽ ሁለት ጣውላ በጡብ ላይ ማጋደም ይበቃል። ስታበስዪ ደግሞ መስኮቱን ገርበብ አድርጊው፣ ብርዱ ቢያስቸግርም።

ሁለተኛው ነገር፣ ጓዳው መጋዘን አይሁን። የአንድ ወር አስቤዛ ብቻ ይያዝ። የቀረው እህል ደረቅ ሆኖ፣ በደንብ ታስሮ፣ መኝታ ክፍል ወይም ኮሪደር ርብራብ ላይ ይቀመጥ። እኛ ቤት ቦታ የተገኘው በዚህ ነው፣ በመደርደሪያ ብዛት አይደለም።

የተጓጎለውን ዱቄት ነፍተሽ ለመጠቀም አታስቢ። ሻጋታ ከነካው መርዙ በመጋገር አይጠፋም። የረጠበውን ክፍል ከነአካባቢው አውጥተሽ ጣዪው፤ የቀረውም የሻጋታ ሽታ ካለው አይበላም።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ (እናት)

ልጄ፣ ለመሆኑ ጤፉ እህል ነው ወይስ ተፈጭቶ ነው የተላከልሽ? እህል ከሆነ አትጨነቂ። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ከደረቀ ዓመት ከዓመት ይቆያል። ለሁለት ለሦስት ሳምንት የሚሆንሽን ብቻ እያስፈጨሽ ውሰጂ። ዱቄት ነው ቦታም ጊዜም የሚያባክነው።

ባቄላና ሽምብራ ግን ሌላ ነው። ነቀዙ ከማሳው ጀምሮ አብሮ ይመጣል፤ ቀዳዳ ያየሽበት ፍሬ ትሉ አድጎ የወጣበት ነው፣ ደህና የሚመስለው ውስጥ ገና ያልወጣ ይኖራል። ስለዚህ መልቀም ብቻውን አይበቃም። ሸራ ላይ ስስ አድርገሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ አገላብጪው፣ በሰፌድ አንፍሺው። በእኛ አገር ብርዱም ይረዳል፤ ነቀዝ በብርድ ቶሎ አይራባም። ክክ የሚሆነውን አሁኑኑ ቆልተሽ አስከኪው፤ ምጣድ ላይ በደንብ የተቆላ ውስጥ ያለው ትል ይሞታል።

ተልባና ሱፍ በፍሬው ይቀመጥ። ቅባት ያለው ነገር ተፈጭቶ ከቆየ ይከረፋል፤ ለሳምንት የሚሆንሽን ብቻ ውቀጪ። የነጠረ ቅቤ ደግሞ እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። ማንኪያው ላይ የቀረች ጠብታ ናት የምታሻግተው። ለቅቤው የራሱ ማንኪያ ይኑረው፣ በጨርቅ ተጠርጎ ክዳኑ ላይ ይታሰር።

ጠያቂዋ

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጤፉ እህል ነው፤ ወደ ግማሽ ኩንታል ይሆናል። ባቄላውን ጎረቤቴ «የነቀዝ ኪኒን ጣል አድርጊበትና እሰሪው» ብላኝ ነበር። ይሻላል ትላላችሁ?

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት (የግብርና ባለሙያ)

እህቴ፣ ይህን በፍጹም እንዳታደርጊ! ኪኒኑ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ መጋዘን፣ ሠልጥኖ በሚያውቅ ሰው እጅ የሚሠራበት ነገር ነው። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ ያውም ልጆች ባሉበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይገድላል፤ ጋዙ በስንጥቅ አልፎ ጎረቤት ክፍልም ይገባል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ለጎረቤትሽም ንገሪያት፤ ቤቷ ውስጥ ካለ እንዳትነካካውና የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት እንድትጠይቅ።

እኛ ቆላ ነን፣ ሙቀቱ ነቀዝ ያራባል፤ ማሽላና ማሾ በግልጥ ጆንያ ካስቀመጥን ወዲያው ዱቄት ነው የሚሆነው። ያዳነን አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው፤ ፒክስ ይሉታል። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጪው የተለመደው የማዳበሪያ ጆንያ ነው። እያንዳንዱን ላስቲክ ለብቻ አየሩን ጨምቀሽ፣ ጠምዝዘሽ፣ አጥፈሽ ጥብቅ አድርገሽ ታስሪዋለሽ። ነቀዙ ያለውን አየር ተንፍሶ ሲጨርስ ይሞታል፤ መድኃኒት የሚባል ነገር አያስፈልግም። ቶሎ ቶሎ የምትከፍቺው ከሆነ ግን ጥቅም የለውም፤ ለክረምት የሚቆየውን ነው እዚያ ማሰር። ለጥቂት ኪሎ ክዳኑ ግጥም የሚል ጄሪካን እስከ አፉ ተሞልቶ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

አንድ ነገር ብቻ፦ እህሉ ደረቅ መሆን አለበት። ካልደረቀ በታሰረበት ይሻግታል። መፈተኛው ቀላል ነው። ደረቅ ብርጭቆ ማሰሮ ሲሶውን እህል ሙዪ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሪ፣ ከድነሽ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነቅንቂውና 15 ደቂቃ አቆዪው። ጨው ማሰሮው ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ እንደገና ይሰጣ። ካልተጣበቀ እሰሪው።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን (አናጺ)

ግድግዳ የማይበሳ ከሆነ በራሱ የሚቆም የአንግል ብረት መደርደሪያ አሠሪ፤ ቤት ስትለቂም ይዘሽው ትሄጃለሽ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ጥልቀቱ ላይ ነው። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው መደርደሪያ የኋላውን እቃ ይውጠዋል፤ ከኋላ ምን እንዳለ የምታውቂው በጽዳት ቀን ነው። 30 ሳንቲም ይበቃል፤ ሁለት ረድፍ ጣሳ ይይዛል፣ ከግድግዳውም ራቅ ብሎ ይቆማል። የታችኛው እርከን ከወለል 60 ሳንቲም ያህል ከፍ ይበል፤ ከሥሩ ባለ ክዳን ባልዲዎች ይገባሉ። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ዱቄት ይይዛል፤ ሴት ልጅ ብቻዋን ጎትታ ማውጣት የምትችለው ነው። ከላይ ያሉት እርከኖች ግን እኩል አይሁኑ፤ የበርበሬና የሽሮ እቃሽን ቁመት ለክተሽ ለሚሠራልሽ ሰው መስጠት ነው ያለብሽ፣ አናጺው በግምት ከሠራው ግማሹ ባዶ አየር ይሆናል። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራውን ጣውላ) አታስገቢ፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል።

መልስ፣ ከአረርቲ

ሽንኩርትና ድንች አይጎራበቱ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ሁለቱም ቶሎ ያቆጠቁጣሉ፣ ይበሰብሳሉ። ድንች ጨለማ ይፈልጋል፤ ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ ያ ይመራል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን አየር በሚያገኝ መረብ ወይም ቅርጫት ከጓዳ ውጪ ስቀዪው። ፌስታል ውስጥ ምንም አትተዪ።

በርበሬና ሽሮ ከምድጃ ይራቁ። በየቀኑ የምትጨልፊበትን ትንሽ እቃ ለይተሽ ትልቁን ሳትነኪ አቆዪው፤ በእንፋሎት መሃል ትልቁን ዕቃ መክፈት ነው በርበሬ የሚያበላሸው። አዲሱ ሲመጣም አሮጌው ላይ አይደፋ፤ አሮጌው ያልቅና ዕቃው ታጥቦ፣ ደርቆ ነው የሚሞላው። የታሸገበትን ወር በፕላስተር ላይ ጽፈሽ ለጥፊ።

የጾምና የፍስክ ነገርም አለ። ቅቤው፣ የወተት ዱቄቱ፣ የሥጋ ቋንጣው የራሱ ከፍ ያለ እርከን ይኑረው። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ የማይነካ ነገር እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ምን ያደርጋል? ሽሮው፣ ክኩና ዘይቱ ወደ ፊት ይውጣ፤ ለፋሲካ ቦታ ይቀያየሩ። በረኪናና ሳሙና ግን ዛሬውኑ ከጓዳው ይውጡ፤ ዱቄት ሽታ ይስባል፣ ለልጆችም አደገኛ ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። በረኪናውና ሳሙናው ወጥተዋል፣ ባቄላው በረንዳ ላይ ተሰጥቷል። ጤፉ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ መደርደሪያውን ለክቼ አሠራለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ የቧንቧው ቱቦ በሚገባበት ቀዳዳ አይጥ እየገባ ነው። ልጆች ስላሉ የአይጥ መርዝ ማስቀመጥ እፈራለሁ።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን (አናጺ)

መርዝ ምግብ አጠገብ አይቀመጥም፣ ልክ ነሽ። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ግዢ፤ ቱቦው ዙሪያ ባለው ክፍተት ጠቅጥቀሽ አስገቢውና ላዩን በሲሚንቶ ድፈኚው። ሲሚንቶ ብቻውን ከሆነ ሲሰነጠቅ መልሶ ይገባል፣ ሽቦውን ግን አይጥ አይበላውም። ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ትንሽ ናት ብለሽ አትለፊያት፤ የቤት አይጥ በዚያች ያልፋል። የበሩንም ሥር እዪው።