6 ዓመት አገልግዬ 11 ሰው ነው ያለኝ፤ ጥሪዬ ቆሞ ይሆን?

የገጠር ወንጌላዊ፦
ሰላም ቅዱሳን። ይሄን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ወንጌላዊ ነኝ። እናት ቤተ ክርስቲያኔ ከ6 ዓመት በፊት እጅ ጭና፣ ጸልያ ወደ አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ላከችኝ። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ አብረውኝ አሉ። በመጀመሪያው ዓመት 7 ሰው ጌታን ተቀበለ፣ በሁለተኛው 19 ደረስን። ከዚያ ቆመ። ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባና ዓረብ አገር ሄዱ፣ ሁለት ቤተሰብ ጭራሽ ቀረ፣ አሁን እሁድ የምሰብከው ከነቤተሰቤ ለ11 ሰው ነው።

ጾሜያለሁ፣ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እልካለሁ፣ ቅጹ ላይ «በዚህ ሩብ ዓመት ጌታን የተቀበሉ» የሚል ቦታ አለ። አምስት ጊዜ በተከታታይ ዜሮ ጽፌያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ቅጹን ይዤ ስቀመጥ «2» ልጽፍ እጄ ሄደ። ያኔ ደነገጥኩ፤ እስካሁን አልላክሁትም። መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት አብሮኝ የተማረ ወንድም ከተማ ውስጥ አዳራሽ ጠብቦት እሁድ ሁለት ፕሮግራም ያደርጋል፤ ቲክቶክ ላይ ሳየው ከልቤ ደስ ይለኛል፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ጥያቄዬ ይሄ ነው። የጠራኝ እሱ ከሆነ ለምን ቆመ? ታማኝ ሆኖ መቆየትና ግትርነትስ በምን ይለያሉ?

የቀድሞ እረኛ፦
ወንድሜ፣ እጅህ ሲሄድ መደንገጥህ ራሱ ጌታ እንዳልተወህ ይነግረኛል። ያቺን «2» አትጻፋት። አንዴ ከጻፍካት በሚቀጥለው ሩብ ዓመት 3 ማድረግ ይኖርብሃል፣ ከዚያ በኋላ የምታገለግለው ቅጹን ነው።

እኔ ገጠር 19 ዓመት አገልግያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቁጥር መጠየቋ ጥፋት አይደለም፣ የላከችው ሰው እንዴት እንዳለ ማወቅ አለባት። ኤርምያስ ምዕራፍ 25ን ግን አንብበው። ለ23 ዓመት ማለዳ ማለዳ ተናገርኳችሁ፣ እናንተም አልሰማችሁም ይላቸዋል። ሰው ስላልሰማው ነቢይነቱ አልተሰረዘም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሄዱትን ልጆች ከቁጥር ያወጣሃቸው ለምንድነው? ትደውልላቸዋለህ?

ታሪክ ወዳድ፦
ጋሼ 23 ዓመት ሲሉ ኦኔሲሞስ ነሲብ ትዝ አለኝ። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ በ1872 (በፈረንጆቹ) የተጠመቀ፣ ከዚያ ስዊድን ተልኮ የተማረ ሰው ነው። ጥሪው ግልጽ ነበር፤ ወደ ኦሮሞ ሕዝቡ ሄዶ ወንጌል ማድረስ። በ1881 በሱዳን በኩል ሞከሩ፣ በሽታ መታቸው፣ ከመካከላቸው ሰው ሞተ፣ ተመለሱ። ቆይተው በሸዋ በኩል ሞከሩ፣ እዚያም መንገድ ተዘጋባቸው። ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ቁጠሩት፣ 23 ዓመት!

በመሀል ምፅዋ አጠገብ ምንኩሉ ተቀምጦ መተርጎም ያዘ። በልጅነቱ ከአገሩ ስለተወሰደ ኦሮምኛው ራሱ አይበቃውም ነበር። ቋንቋውን አሳምራ የምታውቀው፣ እሷም ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ መጣች፣ አብረው ሠሩ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ያኔ ወለጋ ገብቶለት ቢሆን ኖሮ በእጁ የሚይዘው መጽሐፍ አልነበረም። አንተም መጨረሻህ እንደዚህ ያምራል ለማለት አይደለም፣ እሱን አላውቅም። እሱም ግን ምንኩሉ ላይ ጎንበስ ብሎ ቃል ሲለቅም መጨረሻውን አያውቅም ነበር። ይሄንን ሳስብ ነው እኔ የምበረታው።

እህታችሁ ከቤሩት፦
የቀድሞ እረኛ የጠየቁትን ሳነብ አለቀስኩ። እኔ ከነዚያ ከሄዱት አንዷ ነኝ። ወንጌላዊ፣ የአንተ አጥቢያ ልጅ አይደለሁም፣ ግን እንዳንተ ባለ ሰው እጅ ነው ያደግሁት። እኛ ጋም 15 ሰው አንሞላም ነበር። መዝሙር የምንዘምረው ያለ ኪቦርድ ነው፣ ወንጌላዊው ደግሞ ሮሜን አንድ ዓመት ሙሉ አስተማረን፣ ያኔ ሰልችቶኝ ነበር። እዚህ ከመጣሁ 8 ዓመቴ ነው። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ ሥራ ስጨርስ በስልክ እንጸልያለን፣ ስድስት ሴቶች ነን፣ አንዷ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዛባት ከቤት አትወጣም፣ እሷም በዋትስአፕ ትገባለች። የማስተምራቸው ያንን ሮሜን ነው። ደብተሬ አሁንም አለ። እሱ ግን ይሄን አያውቅም፣ ምናልባት ሪፖርቱ ላይ «ከአካባቢው የለቀቁ» ብሎ ጽፎኛል። እባክህ ደውልላቸው።

ሽማግሌ፦
ሁላችሁም እውነት ተናግራችኋል፣ ግን የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል አልተመለሰም። አንዳንዴ መቆሙ ራሱ ምሪት ነው። ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ጳውሎስ እስያ ሊሰብክ አሰበ፣ መንፈስ ቅዱስ ከለከለ፤ ቢታንያን ሞከረ፣ እዚያም ተከለከለ። ከዚያ ነው ወደ መቄዶንያ የተሻገረው። ስለዚህ እዚያው ሙት የሚልህ ሰው ካለ አትስማው። እኔ ባየሁት፣ ግትር ሰው ስለ ጥሪው ማንም እንዲጠይቀው አይፈልግም። አንተ ጠይቀሃል፣ ጥሩ ነው፣ ግን የጠየቅኸው ፊታችንን የማታውቀን እኛን ነው። የላኩህን ሽማግሌዎች ጥራቸው። መጥተው ሁለት ቀን ይደሩ፣ ይዩህ፣ አብረው ይጹሙ፤ ሂድም ቆይም ለማለት ያዩህ ሰዎች ይሻላሉ።

ደግሞ ስለ ባለቤትህ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍከው። እሷ ምን ትላለች?

የገጠር ወንጌላዊ፦
ተባረኩ። ጋሽ ሽማግሌ፣ ባለቤቴን ትናንት ማታ ጠየቅኋት። ዝም ብላ ቆይታ፣ ደክሞኛል አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሟት ነበር፣ እኔ እንዳልሰበር ብላ ነው ያልተናገረችው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አወራን። እንሂድ አላለችም። እንቆይም አላለችም። አብረን እንጸልይ ነው ያለችው፤ ለካ ለየብቻችን ነበር የምንጸልየው።

ሪፖርቱን ዛሬ ላክሁ። ዜሮ ነው። ከታች ባለው ባዶ ቦታ ሽማግሌዎቹ መጥተው እንዲያዩን ጻፍኩ፣ እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የቤሩቷ እህቴ፣ ከሄዱት የአምስቱን ስልክ አገኘሁ። ሁለቱን አወራኋቸው። ዱባይ ያለችዋ አላነሳችም፣ ሥራ ላይ ትሆናለች፣ ማታ እደግማለሁ።