እናቴን እና ልጆቼን ይዤ ዲሲ ዙ ልሄድ ነው፣ ዳገቱን እንዴት ቻላችሁት?

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። እስካሁን ያየችው ቤተ ክርስቲያን፣ የሐበሻ ሱቅ እና የእኛን ሳሎን ብቻ ነው። ቅዳሜ ናሽናል ዙ (የዲሲው የእንስሳት ማሳያ) ልወስዳት አስቤያለሁ፣ ልጆቹም ፓንዳ ፓንዳ እያሉ ጨቅጭቀው ሊገድሉኝ ነው። ችግሩ የእማዬ ጉልበት ነው፣ ዳገት አይሆንላትም። ትንሹም ገና ሁለት ዓመቱ ስለሆነ ጋሪ እገፋለሁ። ባለቤቴ ቅዳሜ ሥራ ይገባል፣ መኪናውን እሱ ይይዘዋል። ፍልሰታም ገብቷል፣ እማዬ እዚያ የሚሸጠውን ነገር አፏ ላይ አታደርግም። በባቡር ይሻላል ወይስ ኡበር ልጥራ? መግቢያውስ ስንት ነው? አንዷ ጓደኛዬ «ትልቅ ሰው ይዘሽ እንዳትሞክሪው» ስላለችኝ ፈርቻለሁ።

ሹፌሩ
እህቴ አትፍሪ። መግቢያው ነጻ ነው፣ ሰው አይከፍልም። ነጻ ቢሆንም ግን ቀድመሽ ድረ ገጹ ላይ ገብተሽ ማለፊያ ታወጫለሽ፣ ለትንሹም ጭምር። የሚያስከፍለው መኪና ማቆሚያው ነው፣ 30 ዶላር። ስለዚህ መኪናው ባልሽ ጋ መሆኑ ተመስገን ነው።

ዋናው ነገር የቦታውን አቀማመጥ ማወቁ ነው። ዙው ያለው ሮክ ክሪክ ሸለቆ ላይ ነው። ላይኛው በር ኮኔቲከት አቬኑ ላይ ሆኖ መንገዱ ከዚያ ወደ ወንዙ እየወረደ እየወረደ ይሄዳል። ሲገባ ደስ ይላል፣ እግር ራሱ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ሳይታወቀው ታች አንበሶቹ ጋ ይደርስና በቀትር ፀሐይ ልጅ አዝሎ ያንን ሁሉ መንገድ ተመልሶ ይወጣዋል። ስንቱን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ጭኜዋለሁ መሰለሽ! አንቺ በላይኛው በር ግቢ፣ ቁልቁል ብቻ ሂጂ። ስትጨርሺ ታች በሃርቫርድ ስትሪት በኩል ውጪና ኡበር እዚያ ጥሪ። እንዳትመለሺ።

የመንትዮች እናት
ሹፌሩ ያለው ልክ ነው፣ ለመሄጃ ግን ባቡር ይበቃሻል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሬድ ላይን ቀጥታ ነው፣ መቀየር የለም። የውድሊ ፓርክ ጣቢያ ስም ውስጥ «ዙ» የሚል ስላለበት ሰው ሁሉ እዚያ ይወርዳል፣ እንዳትሸወጂ። ከዚያ ወደ ዙው ዳገት ነው። አንድ ጣቢያ ጨምሪና ክሊቭላንድ ፓርክ ውረጂ፣ ከዚያ ሜዳ ነው፣ በእማማ እርምጃም ብዙ አይርቅም። ጋሪ ስለያዝሽ ሊፍቱን ፈልጊ።

ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል። ደግነቱ ቅዳሜ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም፣ ጥሉላት ካልሆነ እማማ መቅመስ ትችላለች። እኔ እናቴን ስወስድ የሱፍ ፍትፍት በሳህን፣ ቆሎ እና ዳቦ ይዤ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ውሃ ላወጣ ዞር ስል ሁለት ድንቢጦች ፍትፍቱ ላይ ቁጭ ብለዋል። እናቴ «የፈረንጅ ወፍም ጾመኛ ነው?» ብላ የሳቀችው እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ብቻ በጠዋት ሂጂ። በሐበሻ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል። ፓንዳዎቹ ያኔ ቀርከሃቸውን ይበላሉ፣ ፀሐይ ከበረታ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ይተኛሉ። ደግሞ ዊልቸር የሚከራይበት አለ፣ ማልዶ የደረሰ ነው የሚያገኘው።

ታሪክ ወዳድ
ስለ መንገዱ ተብሏል፣ እኔ ለእማማ የምትነግሪያትን ልስጥሽ። ዙውን የአሜሪካ ኮንግረስ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። ከዚያ በፊት እንስሳቱ ከተማው መሀል፣ ከስሚዝሶኒያን (የሙዚየሞቹ ተቋም) ሕንፃ ጀርባ ነበር የሚጠበቁት፣ ጎሽ ሳይቀር። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ አጼ ምኒልክ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሜዳ አህያ ሰጡ። ዳን ይሉታል። የተቀመጠው እዚሁ ዙ ነው። የግብርና መሥሪያ ቤቱ ሰዎችም ከፈረስና ከአህያ እናዳቅለዋለን ብለው ሞክረዋል።

የዚህ ዝርያ የፈረንጅ ስሙ ራሱ ከምኒልክ ስጦታ የመጣ ነው። ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 አካባቢ፣ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ ላኩ። የፓሪስ ተመራማሪዎች «የግሬቪ የሜዳ አህያ» አሉት። ሰጪው ቀርቶ በተቀባዩ ስም ተጠራ ማለት ነው፣ እኔን ሁልጊዜ ያናድደኛል።

የፈረንጅ ፋሲካ ማግስት ሰኞ ብትሄዱ ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ። የዲሲ ጥቁር ቤተሰቦች በዚያ ቀን ዙ መሰብሰብ የጀመሩት ከመቶ ዓመት በፊት ነው፣ ዋይት ሀውስ ግቢ በሚደረገው የእንቁላል ጨዋታ አይፈለጉም ስለነበር። አሁንም ምግባቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ስድስት ኪሎ ያደግኩ
እኔ እንኳን ዙ የሚባል ነገር አይጥመኝም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን አንበሳ ግቢ አጠገብ ነበር፣ ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1948 ያቋቋሙት። ማታ ማታ ግሳታቸውን እየሰማን ነው የምንተኛው። ጠዋት ሄደን ስናይ ያ ጎፈሩ የጠቆረ ትልቅ አንበሳ አጥሩን ተከትሎ አምስት እርምጃ ይሄድና ይዞራል፣ አምስት እርምጃ ይሄድና ይዞራል። አባቴ «ንጉሥ ነው» ይለኝ ነበር። እኔ እስረኛ ነው የመሰለኝ። ልጆቼን እስካሁን አልወሰድኩም።

ሹፌሩ
@ስድስት ኪሎ ያደግኩ፣ የልጅነትህ ነገር ይገባኛል። እዚህ ግን አንበሶቹ ሣር ያለው ሰፊ ሜዳ አላቸው፣ ከሰው የሚለያቸው ውሃ የሞላ ቦይ ነው። ገነት ነው አላልኩም። ሄደህ እየውና ተመልሰህ ስደበኝ።

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሄድን! አምላክ ይስጣችሁ። ክሊቭላንድ ፓርክ ወርደን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ነበርን። ዊልቸሩን እማዬ «ምን ሆንኩና ነው» ብላ እንቢ አለች፣ ግን ቁልቁል ስለሆነና ባገኘችው አግዳሚ ሁሉ ስለምትቀመጥ ተወጣችው።

ፓንዳው ቁጭ ብሎ ቀርከሃ ይልጣል። ልጆቹ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው አልነቀል አሉ። እማዬ ትንሽ አየችውና «ይኸው ነው?» አለች። ከዚያ የዝንጀሮዎቹ ቤት ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጧል። ቀይ ጸጉር ያለው ኦራንጉታን ከጭንቅላታችን በላይ በተዘረጋው ሽቦ እየተንጠለጠለ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ መረብ የለ፣ ገመድ የለ። መሀል ላይ ቆም ብሎ ቁልቁል አየን። እማዬ በስመ አብ ብላ አማተበች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከዚያ አልነሳም አለች። አርባ ደቂቃ ያህል ቁጭ አልን። ሽሮ ፍትፍቱንም እዚያው በላን (ድንቢጦቹ መጥተዋል)።

ታች አንበሶቹ ጋ ስንደርስ ተኝተው ነበር። የምኒልክን የሜዳ አህያ ነገርኳት፣ «ለፈረንጅ ያልሰጡት የለም» አለች። በሃርቫርድ ስትሪት ወጣን፣ ትንሹ ጋሪው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ማታ አዲስ አበባ ደውላ ከጎረቤታችን ጋር ታወራለች። «ሰው የመሰለ ፍጥረት፣ በሰማይ ላይ፣ እኔን እያየ!» ትላለች። ስለ ፓንዳው አንድም ቃል አላነሳችም።