የባንክ አለቃ የራሱን ባንክ አክሲዮን ሲገዛ እኛም እንግዛ?

ሚዛን፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ባንኮች አለቆች የራሳቸውን ባንክ አክሲዮን ሲገዙም ሲሸጡም በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ፎርም 4 የሚባል ቅጽ ሞልተው ያስገባሉ። እኔ ማታ ማታ እሱን ነው የምከታተለው። ጓዳውን የሚያውቅ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ከገዛ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? በፌብሩዋሪ 2016 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የባንክ አክሲዮን ሁሉ ሲያሽቆለቁል የጄፒሞርጋን ባንክ አለቃ ጄሚ ዳይመን 500 ሺህ የባንኩን አክሲዮን ገዛ። 26 ሚሊዮን ዶላር ገደማ! ዋጋው ከዚያ በኋላ እዚያ ድረስ ወርዶ አያውቅም።

ዳግም፦ የዳይመንን ታሪክ ሁሉም ያወራል። ዋኮቪያ የሚባለውን የአሜሪካ ባንክ ታሪክ ማን ያንሳው? ሮበርት ስቲል በጁላይ 2008 የባንኩ አለቃ ሆኖ በገባ ሰሞን አንድ ሚሊዮን አክሲዮን ገዛ፤ 16 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ። በሴፕቴምበር መጨረሻ አክሲዮኑ ከ2 ዶላር በታች ነበር። ጓዳ ውስጥ ነበር፣ ብሩም የራሱ ነበር። አላየውም በቃ።

ሚዛን፦ አንድ ሰው ተሳሳተ ተብሎ ነገሩ ሁሉ ይጣላል እንዴ? ደግሞ ገዝቶ በስድስት ወር ውስጥ ቢሸጥ ትርፉን ለባንኩ መመለስ አለበት። በቀላሉ አይነካካውም።

ቀይ እስክርቢቶ፦ ሚዛን፣ ወንድሜ፣ ቅጹ ላይ ኮዱን ታየዋለህ? ብዙ ሰው አያየውም። «ፒ» ከሆነ ገዝቷል። «ኤ» ከሆነ ግን ባንኩ ነው የሰጠው፤ ከኪሱ ሳንቲም አላወጣም። ከዚያ ቀኝ በኩል ስንት አክሲዮን እንዳለው ተጽፏል፣ እሱን እይ። 400 ሺህ ያለው ሰው 2 ሺህ ቢጨምር ለእሱ የሻይ ነው። እኔ ልቤ የሚደነግጠው የፋይናንስ ኃላፊውና ሁለት ሦስት የቦርድ አባላት በአንድ ሳምንት ሲገዙ ነው። እሱም ቢሆን ሂሳቡን እንዳነብ ይገፋፋኛል እንጂ እጄን ኪሴ አያስገባም።

ዳግም፦ ባንክ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የፋብሪካ አለቃ አክሲዮን ቢገዛ ማሽኑ አይሰማም። የባንክ አለቃ ሲገዛ ግን ገንዘብ ያስቀመጠው ሰው ይሰማል፣ ይረጋጋል። ስለዚህ መግዛቱ ራሱ መልእክት ነው። በማርች 2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ በወደቀ በቀናት ውስጥ ባንክም አክሲዮን አገናኝም የሆነው የቻርልስ ሽዋብ አለቃ ዋልት ቤቲንገር 50 ሺህ የኩባንያውን አክሲዮን ገዛ፤ መግዛቱንም በቴሌቪዥን ቀርቦ ተናገረ። ለማን ነው የሚናገረው?

ሚዛን፦ ሽዋብ እኮ ተረፈ!

ዳግም፦ ይትረፍ። እኔ የምለው፣ ለሕዝብ እንዲታይ የተደረገን ነገር ሹክሹክታ አድርገህ አትስማው ነው።

ዘግይቶ ገቢ፦ ይቅርታ፣ አሁን ነው ያነበብኩት። ሁላችሁም ቅጹ ሁሉንም ያሳያል ብላችሁ ነው የምትከራከሩት። ፈርስት ሪፐብሊክ ባንክን አስታውሱ። ከላዩ እናት ኩባንያ ስላልነበረው አለቆቹ ቅጹን ለኤፍዲአይሲ (የባንክ ተቀማጭ ዋስትና ሰጪው መሥሪያ ቤት) እንጂ ለኤስኢሲ (የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው) አያስገቡም ነበር። የኤስኢሲን መዝገብ ብቻ የሚከታተል ሰው ምንም አላየም። በ2023 መጀመሪያ ግን 12 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አክሲዮን ሸጠው ነበር። በሜይ 1 ባንኩ ተዘጋ።

ሚዛን፦ ይቺን አላውቃትም ነበር። ኤፍዲአይሲ የገባውን የት ነው የማገኘው?

ዘግይቶ ገቢ፦ የራሱ ገጽ ላይ። አሰልቺ ነው ግን ይገኛል።

ሚዛን፦ እሺ፣ ዛሬ ማታ እሱንም አያለሁ። መከታተሌን ግን አልተውም፣ ቁርጡን እወቁ።

ቀይ እስክርቢቶ፦ አትተው። ኮዱን ግን እይ።