ኤም ኤስ ያለባት እህቴ ከሰው ርቃለች፤ በሽታው ነው ወይስ ሐሳብ?

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ እህቴ ኤም ኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) አለባት። እግሯ አሁን ተሽሏታል፤ እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ቡና ተፈልቶ እንኳ ከክፍሏ አትወጣም። እንቅልፍ የላትም፣ ትወደው የነበረው ሁሉ አስጠልቷታል። እናታችን «ሐሳብ ነው፣ ዱዓ ይደረግላት» ትላለች፤ ጎረቤት ደግሞ ስንፍና ይለዋል። እኔ ታናሿ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ነርስ፣ ደሴ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ስንፍናስ አይደለም። በኤም ኤስ የሰውነት መከላከያ የነርቮችን ሽፋን ያጠቃል። ጉዳቱ ስሜትን የሚመራውን የአንጎል ክፍል ሲነካ ድብርት ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ድብርት ባለባቸው የኤም ኤስ ታማሚዎች ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል አንሶ፣ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞንም ጨምሮ ተገኝቷል። ከታማሚዎቹ እስከ ግማሽ የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድ ወቅት ድብርት ያገኛቸዋል። ይታከማል።
አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ፦ ራሷን የማጥፋት ሐሳብ ይመጣባት እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቂያት። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለችሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፣ ብቻዋንም አትተያት።

ኤም ኤስ ያለበት፣ ደሴ፦
ድካሙና ድብርቱ ይምታታሉ። እኔ ሲደክመኝ መውጣት እያማረኝ ጉልበት አጣለሁ፤ ድብርቱ ሲመጣ ግን ማማሩም ይጠፋል። የኮምቦልቻ ሙቀትም ድካሙን ያብስባታል፤ ሐኪም የሚያዩበትን ቀን ጠዋት አድርጉት፣ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎ ዳገት ፀሐይ ሳይበረታ ውጡ።

ፋርማሲስት፦
ለኤም ኤስ የምትወስደው ኢንተርፌሮን የሚባለውን መርፌ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ድብርት ሊያባብስ ይችላል። ስቴሮይድም ስሜት ይለውጣል። የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ እንዲያዝላት ጠይቁ። ሰርትራሊን ወይም ፍሉክሶቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ከታዘዘላት ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል፤ «አልሠራልኝም» ብላ በራሷ እንዳታቋርጥ።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ። ጠየቅኳት፤ «እሱስ የለም፣ ግን ደክሞኛል» ብላ አለቀሰች። ደሴ ሪፈራል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንሂድ ስላት እሺ ብላለች። እማዬን ግን ምን ልበላት? «ልጄን እብድ ሊሏት ነው» እያለች ነው።

ነርስ፣ ደሴ፦
አብራችሁ ትምጣ፣ ሐኪሙ ራሱ ያስረዳታል። ዱዓዋን አታስቁሟት፤ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም። የኤምአርአይ ፊልሙንና የመድኃኒቶቹን ካርቶን ሁሉ ያዙ።