የአደባባዩ ማመልከቻ፦ እስከ አርብ አስተያየት ስጡ

ፀሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። በ2016 የተመረቀው የባሕር ዳሩ ዓባይ ድልድይ ለሳይክል የራሱ መንገድ አለው። አደባባይ ስንደርስ ግን ከሲኖትራክ ጋር እንጋፋለን። የምንጠይቀው ሳይክል ተለይቶ በውጭ በኩል እንዲዞር ነው። የሳይክሉ መሻገሪያ ከመኪናው መዞሪያ 5 ሜትር ይራቅ። ከአደባባዩ የሚወጣው መኪና እዚያ ቆሞ ሳይክሉን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ከኋላው ያሉትንም አይዘጋም። ሆላንዶች የሚሠሩት እንዲህ ነው።

ሳይክል አከራይ፦ ደግሞ ቀለም ብቻ ቀብተው እንዳይሄዱ! ጠርዙ ላይ የተሰመረው መስመር ነው ሁለት ሳይክል ያስበላኝ። የሚወጣ መኪና የሚቆርጠን እዚያው ላይ ነው።

ሳይክል ጠጋኙ፦ ባጃጅ ይገባበታል። መንገዱ 2.5 ሜትር ከሆነ መግቢያው መሃል ምሰሶ ይተከል። ባጃጅ ወርዱ 1.3 ሜትር ነው፣ አያልፍም።

መምህር፦ «ሳይክል» የሚለው ይውጣ። ለመሥሪያ ቤት የሚገባ ደብዳቤ ነው፤ ብስክሌት ነው የሚባለው። ካልተስተካከለ አልፈርምም።

አከራይ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የሚል ማን አለ?

ፀሐፊ፦ ብስክሌትም ከጣሊያን የመጣ ነው፣ ጋሼ።

መምህር፦ ከገባ ስንት ዘመኑ! አምና ደብዳቤያችን የተመለሰው በአጻጻፉ ነው።

አከራይ፦ የተመለሰው ማኅተም ስለሌለው ነው። የማኅተሙ ብር የት እንደገባ ይጠየቅ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን ከሆነ በስሜ ጥራኝ። ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። ነገ መጥተህ እየው።

መምህር፦ እኔ ስለ ቃሉ ነው ያነሳሁት። ወደ ብር አትውሰዱት።

የልጁ እናት፦ ልጄ ከተገጨ ወዲህ ሳይክሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ያሻችሁን በሉት፣ ብቻ አስገቡት።

አከራይ፦ ገንዘብ ያዥ፣ ይቅርታ። ተናድጄ ነው።

መምህር፦ እሺ፣ ሁለቱም ይጻፉ። ብስክሌት ይቅደም።

ጠጋኙ፦ አደባባዩን ማን ለካ? መሐንዲሱ ልጅ ቅዳሜ እለካለሁ ብሎ ነበር። ስልኩ አይነሳም።

ፀሐፊ፦ ቦታው መብቃቱ ሳይለካ 5 ሜትር ብዬ አላስገባም።

አከራይ፦ እንግዲያው ገበያው ጋ የሳይክል ማቆሚያ እንጠይቅ። እሱ ልኬት አይፈልግም። ብረቱን ከመዋጮው እንገዛለን።

ገንዘብ ያዥ፦ 6000 ብር አለ። ለብረቱ ይበቃል።

ፀሐፊ፦ ማቆሚያውን 1ኛ፣ አደባባዩን 2ኛ አድርጌዋለሁ። ርዕሱም «የብስክሌት (ሳይክል) ማቆሚያ ጥያቄ» ሆኗል።

የልጁ እናት፦ አደባባዩ ለምን ሁለተኛ ሆነ?

ጠጋኙ፦ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ሜትር ይዤ እዚያ ነኝ። ጫፉን የሚይዝልኝ አንድ ሰው ይምጣ።