የስቴቪያን መራራነት በባክቴሪያ ኢንዛይም ማጥፋት ይቻላል እንዴ?

ሻይ_ወዳጇ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ስኳርን በስቴቪያ (ስቴቪያ ከሚባል ተክል ቅጠል በሚወጣው ማጣፈጫ) ከቀየርኩ ቆየሁ፣ ግን እስካሁን አልለመድኩትም። ሻዬን ስጎነጭ መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከዚያ ጣፋጩ ዘግየት ብሎ ይመጣል፣ ከዋጥኩት በኋላ ደግሞ ምላሴ ሥር መድኃኒት መድኃኒት የሚል ነገር ይቀራል። ውሃ ብጠጣበትም ቶሎ አይለቅም። አዲስ የገዛሁት ማሸጊያ ላይ "በኢንዛይም የተሻሻለ" ይላል፣ ሳነብ ኢንዛይሙ ከባክቴሪያ የሚገኝ ነው። እውነት ለውጥ አለው? መራራውን አጣርቶ ማውጣት አይቀልም ነበር? ባክቴሪያውንስ አብሬ እየጠጣሁት ነው?

ኬሚስቱ፦
እህቴ፣ ማጣራት የማይሆንበት ምክንያት አለ። የሚመርሽ ቆሻሻ አይደለም። የሚጣፍጥሽ ሞለኪውል ራሱ ነው የሚመርሽ።

የቅጠሉ ጣፋጮች ሁሉ መሃላቸው ስቴቪዮል የሚባል አንድ ዓይነት አካል አለ። ዋና ልዩነታቸው እላዩ ላይ በተንጠለጠለው ስኳር ነው፦ ስቴቪዮሳይድ 3 ግሉኮስ አለው፣ ሬባውዲዮሳይድ ኤ 4፣ ሬባውዲዮሳይድ ኤም 6። ስቴቪዮሳይድና ኤ የምላስን የጣፋጭ ተቀባይ ሲነኩ የመራራ ተቀባዮችንም አብረው ይቀሰቅሳሉ። ግሉኮሱ ሲበዛ ብዙውን ጊዜ መራራው እየደከመ ይሄዳል። ችግሩ ጣዕሙ የተሻለው ኤም ቅጠሉ ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ነው፣ ሞልቶ የሚገኘው ስቴቪዮሳይድ ነው።

ስለዚህ ሥራው ማውጣት ሳይሆን መጨመር ነው። እዚህ ጋ ነው ባክቴሪያዎቹ የሚገቡት። ባሲለስ ከሚባሉትና ከዘመዶቻቸው የሚገኝ ሲጂቲኤዝ የሚሉት ኢንዛይም አለ። የተፈጥሮ ሥራው የስታርችን ሰንሰለት ቆርጦ ጫፍና ጫፉን በማገናኘት ቀለበት መሥራት ነው። አጠገቡ ስቴቪያ ካገኘ ግን የቆረጠውን ግሉኮስ ወስዶ እሱ ላይ ይለጥፋል! በእጅ ቢሞከር ስንት ደረጃ የሚፈጅ ኬሚስትሪ፣ እሱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጨርሶት ያድራል። ማሸጊያሽ ላይ "ግሉኮሲል ስቴቪያ" የሚል ካለ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

ላብራቶሪ_ውሎ፦
ኬሚስቱ ያለው ልክ ነው፣ ግን ስታርች ብቻ አይደለም መንገዱ። ላክቶባሲለስ ሬውተሪ ከሚባለው ባክቴሪያ የሚገኝ ሌላ ኢንዛይም ተራውን ስኳር ሰንጥቆ ግሉኮሱን ስቴቪያ ላይ ይሰቅላል፣ ፍሩክቶሱን ይለቀዋል። ኔዘርላንድ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ሬባውዲዮሳይድ ኤ ላይ ሠርተው ሰዎች ሲቀምሱት መራራው ቀንሶ ነው የተገኘው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ብዙ ጊዜ ስለሚያምታታው። "በባክቴሪያ የተሠራ" ሲባል ኢንዛይሙ ሁልጊዜ የባክቴሪያው የራሱ አይደለም። ሬባውዲዮሳይድ ኤም ለመሥራት ከሚጠቅሙት ዋናዎቹ አንዱ የስቴቪያ ተክል የራሱ ኢንዛይም ነው። ጂኑን ኢ ኮላይ በሚባል ባክቴሪያ ወይም በእርሾ ውስጥ ያስገቡና እነሱ በብዛት ያመርቱታል። ይሄኛው የሚሰጠው ሞለኪውል ቅጠሉ ውስጥም ያለው ዓይነት ነው። የሲጂቲኤዙ ግን ቅጠሉ የማይሠራውን ዓይነት ትስስር ይፈጥራል፣ ስንት ግሉኮስ እንደሚለጥፍም መቆጣጠር ይከብዳል። አንዱ ላይ 1፣ ሌላው ላይ 5 ይደረድራል። ከመጠን ሲያልፍ ጣፋጭነቱም ይዳከማል። ለዚህ ነው ሁለት ድርጅቶች "በኢንዛይም የተሻሻለ" ብለው ጣዕማቸው ሰማይና ምድር የሚሆነው።

ሻይ_ወዳጇ፦
እሺ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። የጤናው ጥያቄ ግን ቀረ እኮ።

ኬሚስቱ፦
ይቅርታ ረሳሁት። ሥራው ካለቀ በኋላ ፈሳሹ ይሞቃል፣ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል፣ ከዚያ ተጣርቶና ጠርቶ ይደርቃል። ሕያው ባክቴሪያ እየጠጣሽ አይደለም። አንጀትሽ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን የተለጠፈውን ግሉኮስ በሙሉ ያራግፉትና መጨረሻ ላይ የሚቀረው ያው ስቴቪዮል ነው፣ ጉበት አስተካክሎት በሽንት ይወጣል። በቀን የሚፈቀደው በስቴቪዮል ሲሰላ ለአንድ ኪሎ ክብደት 4 ሚሊግራም ነው፣ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 240 ማለት ነው። ለክብደት መቀነስ ብለሽ ከሆነ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ስኳር ያልሆኑ ማጣፈጫዎችን ለዚህ ዓላማ አትጠቀሙ ብሏል፣ ስቴቪያንም ጨምሮ። ይሄን ሳልነግርሽ ባልፍ ደስ አይለኝም።

ላብራቶሪ_ውሎ፦
አዲሱን ከአሮጌው ለማወዳደር በሻይ አትሞክሪው፣ ሻይ ራሱ ይመራል። ሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ያዢ፣ እኩል የሚጣፍጡ እስኪሆኑ አስተካክያቸው፣ አንዱን ቀምሰሽ ትፊና ሰዓት እያየሽ ጠብቂ። መራራው ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ ጥሩ ነው። ከዚያ አፍሽን ተጉመጥምጠሽ ትንሽ ቆይተሽ ሁለተኛውን። ውጤቱን እዚሁ ጻፊልን፣ እኔም ለማወቅ ጓጉቻለሁ።