ነጋዴ ለሰላም ምን ማድረግ ይችላል? ባነርና ቲሸርት ካልሆነ ማለቴ ነው

የሻሸው ብሎኬት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ። ሻሸመኔ ብሎኬት ማምረቻ አለኝ፣ 26 ሰራተኛ ነው ያለው፣ ግማሹ የቀን ሰራተኛ ነው። ከየቦታው የመጡ ልጆች ናቸው፣ አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ ወላይትኛ፣ አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ሲዳምኛ እያወራ አንድ ማሽን ላይ ነው የሚውሉት።
በ2012 ሰኔ መጨረሻ ዘፋኙ ሀጫሉ ሁንዴሳ የተገደለ ጊዜ ከተማችን ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ፣ የኃይሌ ሆቴል ሳይቀር ነው የነደደው። እኔ በሬን ዘግቼ ልጆቼን ይዤ ቤት ነበርኩ። በአራተኛው ቀን እየፈራሁ ግቢው ጋ ስደርስ የማሽኑ ሞተር የለም። በቃ ዘረፉኝ ብዬ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አንዱ ልጅ መጥቶ "ጋሼ ተነሱ፣ ሞተሩ ደህና ነው" አለኝ። ለካ ሦስት ሆነው ሌሊት ፈተው በጋሪ ወስደው አንደኛው ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት፣ የአከራዩ እማማ ጓዳ ውስጥ ከጤፉ ማዳበሪያ ኋላ ደብቀውታል። ሦስቱም ብሄራቸው ለየቅል ነው። ያኔ በቀን ስንት እከፍላቸው እንደነበር ሳስብ እስካሁን ያሳፍረኛል።
አሁን የጨነቀኝ ነገር፣ ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ አንድ ትሪ የሚከቡት ልጆች ለሁለት ተከፍለው አየሁ። ግማሹ ሲሚንቶ መጋዘኑ ጥላ ስር፣ ግማሹ በር ጋ። ፎርማኑን ብጠይቀው ስልክ ላይ የሆነ ቪዲዮ ዞሮ ነው አለኝ። ማንም አልተሳደበም፣ ዝም ብለው ተለያዩ። እኔም ዝም አልኩ፣ ምን እንደምል ጠፋኝ።
የሰላም ስብሰባ ሲጠራ ብር አዋጡ እንባላለን፣ እናዋጣለን፣ ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ይታደላል፣ እንበተናለን። ከዚህ ሌላ እንደኔ ያለ መካከለኛ ነጋዴ በእውነት ምን ማድረግ ይችላል? የሞከራችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ።

ዳዊት ስፔርፓርት፦
ወንድሜ እኔ እቅጩን ልንገርህ፣ ነጋዴ ንግዱን ይነግድ። የኔም ሱቅ ተቃጥሏል፣ የ11 ዓመት ልፋቴ በአንድ ከሰዓት ነው አመድ የሆነው። በሰላም ጉዳይ አፍህን ከከፈትክ ነገ ከአንዱ ወገን ነህ ትባላለህ። ግብርህን ክፈል፣ ሰው ቅጠር፣ አበቃ። ይሄ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኢስሊ ነዋሪ፦
ዳዊት ያቃጠለህን ነገር አይቼዋለሁና አልፈርድብህም፣ ግን ዝም ማለትም አያድንም፣ ኬንያ ላይ በዓይኔ ያየሁት ነው። ናይሮቢ ኢስሊ የልብስ ሱቅ አለኝ፣ ከ2007ቱ ምርጫ በፊት ነው የመጣሁት (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ያኔ ብዙው ባለሀብት እንደ ዳዊት ዝም ያለ ይመስላል እንጂ ዝም አላለም፣ ለየወገኑ እጩ ከኋላ ብር ሲሰጥ ነው የከረመው። ውጤት ሲነገር ሀገር ተቃጠለ፣ ከሺህ ሰው በላይ አለቀ፣ በመቶ ሺዎች ተፈናቀሉ። ናይሮቢ ኪቤራ ሰፈር ላይ የባቡር ሀዲዱን ነቅለው ጣሉት፣ ከሞምባሳ ወደብ የተነሳው መኪና መንገድ ላይ ቀረ፣ ኡጋንዳ ካምፓላ ድረስ ነዳጅ ጠፋ፣ ናይቫሻ አበባ እርሻ ሰራተኛው ሸሽቶ አበባው የሚቆርጠው አጣ። ጎረቤቴ ከኪኩዩ ብሄር ነበረች፣ ሱቋን ዘግታ ቁልፉን ለኔ ሰጥታኝ ነው የሄደችው፣ ሁለት ወር ኪሴ ይዤው ዞርኩ።
ያኔ ነው ነጋዴው የባነነው። ኬፕሳ የሚባለው የግሉ ዘርፍ ህብረት ኮፊ አናን ለሽምግልና በመጡ ጊዜ በቀን ስንት እየከሰርን ነው፣ ስንት ሰው ስራ ያጣል የሚለውን በቁጥር ይዞ ሁለቱንም ወገን ተስማሙ እያለ ወተወተ። ስምምነቱ ፌብሩዋሪ 28፣ 2008 ተፈረመ። የሚገርመኝ ግን ከዛ በኋላ ያደረጉት ነው፣ ወደየሱቃቸው አልተመለሱም። ለ2013ቱ ምርጫ ቀደም ብለው "ምኬንያ ዳይማ" የሚል ዘመቻ ጀመሩ፣ ሁልጊዜም ኬንያዊ እንደማለት ነው፣ ሬዲዮ ላይ ሰፈር ውስጥ ሲሰሩ ቆዩ፣ ያ ምርጫ ከበፊቱ ጋር ሲተያይ በሰላም አለፈ።
አንድ ነገር ግን ልጨምር። ያኔ ብዙ ሰው የተናገረው ቅሬታ አለ፣ ሰላም ሰላም የሚለው ድምፅ ስለበረታ የተበደለ ሰው "አሁን አትናገር" እየተባለ አፉ ተዘጋ አሉ። እውነት አላቸው። ስለዚህ ያንተ ልጆች ቪዲዮውን አይተው የተናደዱበትን ነገር "ተዉት" ብለህ አትሸፍነው። ሌላው፣ ከተማህ ያሉ ነጋዴዎች ከባነሩ በፊት አንድ ነገር ላይ ይስማሙ፣ ድንጋይ ለሚያስወረውር ሰው ከኛ ኪስ አንዲት ብር አትወጣም፣ ዘመዳችን ቢሆንም።

ባለማህበሯ፦
እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ 9 ዓመት የሰራተኛ ማህበር ላይ ነበርኩና ከሌላ በኩል ልምጣ። አሰሪ ስለ ሰላም ሲያወራ ሰራተኛው መጀመሪያ የሚያየው ደሞዙን ነው፣ በቀኑ ገባ ወይስ አልገባም። እኛ ጋ አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ስለ አንድነት አዳራሽ ሰብስቦ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስተምረን የኦቨርታይም ክፍያችን ሦስት ወር አልገባም ነበር፣ አንድም ሰው አልሰማውም።
ቱኒዚያን አስቡ። በፈረንጅ 2013 ሁለት ተቃዋሚ ፖለቲከኞች፣ ሾክሪ በላይድ በፌብሩዋሪ፣ ሞሐመድ ብራሂሚ በጁላይ በጥይት ተገደሉ፣ ህገ መንግስት የሚያረቀው ምክር ቤት ስራው ቆመ፣ ሀገሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። አራት ድርጅቶች ናቸው ፓርቲዎቹን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጧቸው፣ የሰራተኛው ማህበር፣ የአሰሪዎቹ ማህበር፣ የሰብአዊ መብት ሊግና የጠበቆች ማህበር። አሰሪዎቹን ትመራ የነበረችው ዊዳድ ቡሻማዊ የምትባል ነጋዴ ናት። በጃንዋሪ 2014 ህገ መንግስቱ ፀደቀ፣ በ2015 አራቱ አንድ ላይ የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰዱ። እኔን ሁሌ የሚነካኝ እነዛ ሰራተኞችና አሰሪዎች በደሞዝና በስራ ማቆም አድማ ለዓመታት አንገት ላንገት ተናንቀው የኖሩ መሆናቸው ነው። አንድ ላይ ሆነው በቃ ሲሉ ፖለቲከኞቹ የሚሉት አጡ፣ ምክንያቱም አሰሪው ብቻውን ቢናገር ለትርፉ ነው ይባላል፣ ሰራተኛው ብቻውን ቢናገር አድመኛ ነው ይባላል። በ2021 ፕሬዝዳንቱ ፓርላማውን አግደው ብዙ ነገር ወደኋላ መመለሱን አውቃለሁ፣ ያሳዝናል፣ ያን ጊዜ የዳነው ነፍስ ግን ድኗል።
ወዳንተ ስመጣ፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ስለ ደሞዝ ወለል ቦርድ ይቋቋማል ይላል እንጂ ወለሉን ራሱ አልቆረጠውም፣ ስለዚህ ስንት መክፈል እንዳለብህ የሚነግርህ ህሊናህ ነው። ሞተርህን ከደበቁት ሦስት ልጆች ውስጥ ዛሬም የቀን ሰራተኛ የሆነ አለ? ካለ ከሱ ጀምር።

የባቲው፦
ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው፣ ይሄን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ያደግኩት ባቲ ነው፣ የሰኞ ገበያ። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ ከቆላ ይወጣል፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዞ ከደጋ ይወርዳል። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር፣ ለአፋር ወዳጁ በዱቤ ይሰጠው ነበር፣ ወረቀት የለም ፊርማ የለም። አንድ ዓመት በግጦሽ ጠብ ተነስቶ ሰው ሞተና መንገዱ ተዘጋ፣ አባቴ ዕዳውን ረስቶት ነበር። በስድስተኛው ሰኞ ወዳጁ ፍየሎቹን እየነዳ መጣና ሂሳቡን ዘጋ። አባቴ ያን ቀን እህል አልሸጠም፣ ሱቁን ዘግቶ ሰውዬውን ቤት ይዞት ገብቶ ምሳ አበላው። እኔ ልጅ ነኝ፣ ውሃ አስታጠብኳቸው።
አንድ ነገር ልምከርህ። አንተ ደሞዝ ከፋይ ስለሆንክ ለልጆቹ ሽማግሌ አትሆናቸውም፣ ፊትህ አዎ ጋሼ ይሉሃል ልባቸው ግን አይፈታም። የሚያከብሩት ሌላ ሰው ፈልግ። ሁሉንም ሰብስበህም አትቆጣ፣ በየተራ ለብቻ አናግር፣ ቀድመህ ስማ።

የሻሸው ብሎኬት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አባባ የባቲው፣ ምክርዎን እንዳነበብኩ አንድ ሰው ትዝ አለችኝ፣ ሞተሩ የተደበቀባት እማማ። ሄጄ ነገርኳት። ምንም አላለችኝም፣ ሐሙስ ዕለት በትልቅ ድስት ሽሮዋን ይዛ መጥታ ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠችና "ይሄን ብረት ጓዳዬ ስትከቱት ማን የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቄያችሁ ነበር?" አለቻቸው። ዝም አሉ። ከዛ አንደኛው ተነስቶ ትሪውን ያዘላት። ሁሉም ቀርቧል ማለት አልችልም፣ ሁለቱ ዛሬም በር ጋ ነው የበሉት፣ እነሱን ለብቻ እያናገርኳቸው ነው፣ አንዱ ዘመዱ የሞተበት ልጅ ነው ለካ፣ አላውቅም ነበር።
ዳዊት፣ ያንተ ስጋት የኔም ስጋት ነው፣ ግን ያን ሞተር ያዳነልኝ በሬን መዝጋቴ አልነበረም።
እህቴ ባለማህበሯ፣ ከሦስቱ ሁለቱ አሁንም የቀን ሰራተኛ ናቸው። ካነበብኩት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ከመጪው ወር ጀምሮ ቋሚ ላደርጋቸው ነው። አካባቢያችን ያሉ ስድስት ብሎኬት አምራቾችንም እሁድ ቡና ጠርቻቸዋለሁ፣ ኢስሊ ነዋሪ ያለውን የብር ነገርና የቀን ክፍያ ሁላችንም እኩል ከፍ ስለማድረግ ላነሳባቸው ነው፣ አራቱ እመጣለሁ ብለዋል።
እስከዛ አንድ ነገር እርዱኝ፣ የቀን ሰራተኛ ወደ ቋሚ ያዞራችሁ ካላችሁ የጡረታውን ምዝገባና ውሉን እንዴት እንዳስኬዳችሁት ጻፉልኝ።